አሮጌ ጠመንጃ እጅ ሲገባ፦ ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ያለው ሥራ

በጎንደርና በዙሪያዋ አሮጌ የአደን ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ እጅ የሚገባው በውርስ ነው። ሲመጣም ዝናው ቀድሞት ይመጣል፤ ማን እንደያዘው፣ ምን እንደጣለ፣ ከየትኛው ዘመቻ እንደተረፈ ይነገራል። ዝናው የቤተሰብ ሀብት ስለሆነ ይከበር፣ ይጻፍም። ጠመንጃው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ግን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን ብረቱ ነው፤ ብረቱን ለመጠየቅ ደግሞ ሥርዓት አለው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቁጥር ይበቃል። 7.92×57 በሚባለው የጀርመኑ ማውዘር ጠመንጃ ጥይት፣ ማጉረሻው (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 3,900 ባር ሊደርስ ይችላል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ተኩል ገደማ ነው። ያንን ግፊት የሚይዘው ከተኳሹ ዓይን አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለ፣ ምናልባትም ዘጠና ዓመት የሆነው መዝጊያ (ማጉረሻውን ከኋላ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) ነው። ስለዚህ ጠመንጃው የሚበላው ጥይት በትክክል ሳይታወቅ፣ መዝጊያው የራሱ መሆኑና አፈሙዙ (ጥይቱ የሚወጣበት የብረት ቱቦ) ክፍት መሆኑ ሳይረጋገጥ አንዲት ጥይት እንኳ አይተኮስበትም። ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ “እስቲ ድምፁን እንስማው” ተብሎም ቢሆን።

ወረቀቱን አስቀድመው ይጨርሱ። በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የወረሱት መሣሪያም ቢሆን ፈቃድ ሳይኖር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ፖሊስ ቀርቦ ማስመዝገብ ግድ ነው። ለምዝገባ ሲሄዱ ተከታታይ ቁጥሩን፣ ዓይነቱንና የጥይቱን ልክ በትክክል ጽፈው መሄድ ብዙ ምልልስ ያስቀራል። አደን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፣ ፈቃዱን የሚሰጥ አካልም አለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለአዳኝ ዝግ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያላቸው ቤት እዚሁ አገራችን ነው፤ በእነሱ ላይ አፈሙዝ ማዞር ከሕግም በላይ ነውር ነው።

ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

አሮጌ ጠመንጃ ጎርሶ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። አያት ለሌሊት ጠባቂነት አጉርሰው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ካረፉ በኋላ ማንም ሳይነካው ሃያ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከሰው እጅ ሲቀበሉ “ባዶ ነው” ቢባልም አፈሙዙን ወደ መሬት ወይም ወደ አፈር ክምር አድርገው፣ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው መዝጊያውን ይክፈቱ። ካዝናውን ያራግፉ። ከዚያ ማጉረሻውን በዓይንዎ ብቻ አይመኑ፤ ትንሿን ጣት አስገብተው ይዳስሱ። የጠቆረ ቀለህ (የጥይቱ ነሐስ ቅርፊት) በጠቆረ ማጉረሻ ውስጥ አይታይም።

ሁለት ዓይነቶች ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈረንሳዩ ለበል፣ ባላገሩ ለበን የሚለው፣ ጥይቱን የሚያከማቸው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው 8 ይይዛል፣ አንድ ማንሻው ላይ፣ አንድ ማጉረሻው ውስጥ ሊኖር ይችላል። መዝጊያውን አንድ ጊዜ ከፍቶ ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ምንም እስከማይወጣ ድረስ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ነው። የጣሊያኑ ካርካኖ ደግሞ 6 ጥይት ከነማሰሪያው ይጎርሳል። ጥይቱ ካለቀ በኋላ ባዶው ማሰሪያ ከታች ካልወደቀ ተቀርቅሯል ማለት ነው፤ ከሥሩ ጥይት ሊኖር ይችላል።

መዝጊያው ዝጎ አልከፈት ቢል በመዶሻ አይምቱት። ማጉረሻው ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ላምባና ቀጭን ዘይት እኩል ቀላቅለው በመጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥቡና አንድ ቀን ያሳድሩት፤ በማግስቱ በእጅ መዳፍ ብቻ ይሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ወደ ባለሙያ ነው የሚወሰደው፤ እንደጎረሰ ጠመንጃ ተቆጥሮ።

ምን ዓይነት ነው? ምን ይበላል?

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ምንሽር፣ ለበን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ የሚሉት ስሞች በየአገሩ ለተለያዩ ጠመንጃዎች ይሰጣሉ። አንዱ ቤት ምንሽር ሲባል የኖረው ሌላው ቤት ካርካኖ ሆኖ ይገኛል። ጥይት በስም አይገዛም።

ጽሑፉን ለማንበብ ብረቱን በላምባ በነከረ አቡጀዲ ያጽዱ። የመዝጊያው ቤት (መዝጊያው የሚንሸራተትበት አካል) የፊተኛው ቀለበትና የግራ ጎኑ ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ በዱቄት ኖራ ወይም በጠመኔ ቀብተው በጣት ይጥረጉት፤ ነጩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ይወጣል። ብርሃኑን ከጎን ያብሩ እንጂ ከላይ አያብሩ። ከዚያ በስልክ ፎቶ ያንሱት።

በኤርስታል ከተማ የተሠራው የቤልጅግ ማውዘር በግራ ጎኑ የፋብሪካውን ስም ይይዛል። ለኢትዮጵያ መንግሥት የተሠሩት ከፊት ቀለበታቸው ላይ የሞአ አንበሳ ምልክት አላቸው። በዚያ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስም ምልክት ካለ ከንግሥ በኋላ፣ ማለትም ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። በብረቱ ላይ የተመታው ዓመት ግን የአውሮፓ ነው፤ 1933 የሚል ቢያገኙ በእኛ 1925 ወይም 1926 ነው። ይህን ሳይለዩ የጠመንጃውን ዘመን ሰባት ስምንት ዓመት ወዲያ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው።

ካርካኖ በጎንደር አካባቢ መብዛቱ አያስደንቅም። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያደረገው እዚህ ነበርና፤ ቁልቋል በር ከወደቀ በኋላ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በማጉረሻው አናት ላይ ተርኒ ወይም ብሬሺያ የሚል የፋብሪካ ስምና ዓመት ይገኛል። አብዛኛው 6.5×52 ይበላል። ነገር ግን 1938 እ.ኤ.አ. የወጣው አጭር ሞዴል በ7.35 ሚሊ ሜትርም ተሠርቷል። መልኩ አንድ ነው፤ ጥይቱ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ “ካርካኖ ነው” ማለት ብቻውን አይበቃም።

ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ የአፈሙዙ ስፋት በለስላሳ የእርሳስ ማዕድን ይለካል። ንጹሕ እርሳስ ከአፈሙዙ ቀዳዳ በጥቂቱ የሚበልጥ ድቡልቡል ተደርጎ፣ አፈሙዙ ዘይት ተቀብቶ፣ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያሉ በመምታት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፉታል። ሲወጣ የውስጡን ጠመዝማዛ ቦይ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ሰፊውን ወገን በካሊፐር ሲለኩ ለ7.92ቱ ማውዘር 8.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለ6.5ቱ ካርካኖ 6.8 አካባቢ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ የእንግሊዙ 303 እና የሩሲያው ሞሲን በዚህ ልኬት እጅግ ይቀራረባሉ። እነሱን የሚለያቸው ማጉረሻው ነው፦ የ303 ቀለህ ርዝመቱ 56 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ፣ የሞሲኑ 54 ገደማ ነው። የማጉረሻው ቅርጽ የሚወሰደው በባለሙያ እጅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግምት ማንም አይግባበት።

ጥይት “ገባ” ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። አጭር ወይም ቀጭን ጥይት በሰፊ ማጉረሻ ውስጥ ገብቶ ይዘጋል፣ ሲተኮስም ቀለሁ ይቀደድና ጋዙ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ስለ ውጅግራ አንድ ነገር ብቻ። ውጅግራ የሚባለው፣ 1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዩ “ግራ” ጠመንጃ፣ አንድ ጉርስ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ። 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በ5 ግራም ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሣሪያ ነበር። ብረቱም መዝጊያውም ጭስ አልባ ባሩድ ለሚፈጥረው ግፊት አልተሠሩም። ይጸዳ፣ ዘይት ይቀባ፣ በክብር ይቀመጥ፤ አይተኮስ።

የብረቱ ምርመራ

መዝጊያው ላይ ያለው ቁጥርና የመዝጊያው ቤት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። የተበላሸ መዝጊያ ከሌላ መተካት በእኛ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው፤ ሁለት ሰባራ ጠመንጃ ተጋብቶ አንድ ደህና ይወጣል። ችግሩ የመዝጊያው ፊትና የቀለሁ ቂጥ ያላቸው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ተለክቶ የተገጠመ መሆኑ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይለጠጥና ከወገቡ ይበጠሳል። ይህንን የሚያረጋግጠው ለጥይቱ የተሠራ መለኪያ ብቻ ነው። በደህና ጥይት እየሞከሩ “ጠበቅ ይላል፣ ላላ ይላል” ማለት ልኬት አይደለም። ሽማግሌ ካለ ይጠየቅ፦ “አያ፣ ይህ መዝጊያ የራሱ ነው ወይስ ተቀይሯል?” ብዙ ጊዜ መልሱ ከእነሱ ዘንድ አለ።

መዝጊያውን ለማውጣት በማውዘር ላይ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ተቀባብሎ ሳለ ሴፍቲውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማቆም፤ ከግራ በኩል ያለችውን ማቆሚያ ወደ ጎን ስቦ መዝጊያውን ወደ ኋላ ማውጣት። ሴፍቲው ቀጥ ብሎ ካልቆመ የኋለኛው ክፍል አይፈታም፤ ሳይቆም ተገፍቶ ከወጣ ደግሞ ሞላው ይለቀቅና መልሶ ማቀባበል ያስቸግራል። ከወጣ በኋላ የጎን ቁልፉን ተጭኖ የኋለኛውን ክፍል ወደ ግራ በመጠምዘዝ ከነመርፌው (ጥይቱን መትታ የምታስነሳው) እና ከነሞላው ይወጣል።

አሁን መዝጊያውን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረው ፊቱን ይመልከቱ። የመርፌዋ ቀዳዳ ክብ መሆን አለባት። ዙሪያዋ እንደ ጉንዳን ንክሻ በጥቃቅን ጉድጓድ ከተበላ፣ ከዚህ ቀደም መለኮሻ (በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ባሩድ ማቀጣጠያ) እየተበሳ ጋዝ ወደ ኋላ ሲመለስ ኖሯል። መርፌዋ ስትወጣ ከፊቱ ላይ ከ1.3 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ትፈናጠራለች። ከዚያ ካነሰች ትከሽፋለች፣ ከበለጠች ወይም ጫፏ ከሾለ መለኮሻውን ትበሳለች። ጫፏ እንደ ሩዝ ፍሬ ድቡልቡል መሆን አለበት። ቀለህ ሳቢው ጥፍር ጠርዙ እንዳልተሸረፈ ይመልከቱ። የሚሸረፈው አንዲት ጥይት በእጅ ማጉረሻው ውስጥ ከትተው መዝጊያውን ሲገፉበት ነው፤ የማውዘርና የካርካኖ ጥፍር የተሠራው ጥይቱን ከካዝና ሲወጣ ከሥር እንዲይዘው እንጂ ከኋላ ዘሎ እንዲነክሰው አይደለም። ስለዚህ አንድ ጥይት ብቻ ቢሆንም በካዝና በኩል ይጉረስ።

የመዝጊያውን ሁለት የፊት ጆሮዎች (ጎልተው የወጡትን መቆለፊያዎች) ከኋላ በኩል ይዩአቸው። ጠመንጃው ሲተኮስ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሁለቱም እኩል አብርተው ከተገኙ መልካም ነው። አንዱ ያበራ፣ ሌላው የፋብሪካ መልኩን የያዘ ከሆነ ጭነቱ በአንዱ ላይ ነው። ሥሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ እንዳለ ለማየት በላምባ ነክረው ጥርግ አድርገው ያድርቁና ጠመኔ ይቀቡ፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው ወጥቶ በነጩ ላይ መስመር ይሠራል።

አፈሙዙ መዝጊያው ወጥቶ ከኋላ ወደ ፊት ይታያል። መጀመሪያ ክፍት መሆኑን። ከአቧራ ለመጠበቅ ጫፉን በጨርቅ መወተፍ የተለመደ ነው፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተረስቶ ይቀራል፣ እርጥበት ይዞም በዚያች ቦታ የዝገት ቀለበት ይሠራል። የጭቃ ቤት ከሆነ ተርብ ቀዳዳው ውስጥ በጭቃ ቤቷን ሠርታ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ላይ ቢተኮስ አፈሙዙ ይነፋል ወይም ይሰነጠቃል። ቀድሞ የተነፋ አፈሙዝ ደግሞ በብርሃን ሲያዩት ውስጡ ላይ ጨለም ያለ ቀለበት ያሳያል፤ ከውጭ በሁለት ጣት ይዘው ሲያንሸራትቱ እብጠቱ ይሰማል። እንዲህ ያለው አይጠገንም።

ቦዩ መጥቆሩ ብቻውን አያስፈራ። ብዙ ያረጀ አፈሙዝ ውስጡ ጠቁሮና ትንሽ ተቦርቡሮ ሳለ በደንብ ይተኩሳል። ይልቅ የጫፉን ጠርዝ ይፈትሹ። ለዘመናት በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ሲወለወል የኖረ ጠመንጃ ጫፉ ሞላላ ሆኖ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ኢላማ አይመታም። ጥጥ ቁራጭ ወስደው በጠርዙ ዙሪያ ቢያሽከረክሩት፣ ሸካራ ወይም የተሰበረ ቦታ ካለ ጥጡን ይዞ ያስቀረዋል።

ምላጩንና ሴፍቲውን ባዶ ጠመንጃ ላይ ይፈትኑ። አቀባብለው ሴፍቲውን ይዝጉ፣ ምላጩን አጥብቀው ይሳቡና ይልቀቁ፤ ከዚያ ሴፍቲውን ይክፈቱ። ያን ጊዜ መርፌዋ ከወደቀች ሴፍቲው አደገኛ ነው። ቀጥሎ አቀባብለው፣ ሴፍቲው ክፍት ሆኖ፣ የሰደፉን ቂጥ ምንጣፍ በለበሰ መሬት ላይ ከአንድ ጋት ከፍታ ጠብ ያድርጉት፤ መውደቅ የለባትም። መዝጊያውን በኃይል ዘግተውም ይሞክሩ። የድሮ ወታደራዊ ምላጭ መጀመሪያ ለስላሳ ጉዞ ኖሮት ከዚያ የሚከብድ መሆኑ ጤናው ነው። ያንን “ቀለል እንዲል” ብሎ በሞረድ የነካካው ሰው ካለ ጠመንጃው ራሱ በራሱ ይተኩሳል። ይህ ብልሽት ከሁሉም በላይ ሰው የጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽዳትና ዘይት

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የነሐስ ወይም የጠንካራ እንጨት ዘንግ፣ 4 በ4 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ አቡጀዲ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ ላምባ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ከብሎኑ ጥርስ ጋር ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ። ካቻቢቴው ከቀጠነ የብሎኑን አናት ይበላል። እንዲህ የተበላ ብሎን ባለቤቱ ጠመንጃውን እንዴት እንደያዘው ይናገራል።

መወልወል ከኋላ ወደ ፊት ነው። በላምባ የራሰ ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ እንደገና በላምባ፤ ጨርቁ ከግራጫ ወደ ንጹሕ እስኪለወጥ። በጣም የተዝረከረከ ከሆነ ቀዳዳውን ከአንድ በኩል ደፍኖ በላምባ ሞልቶ ማሳደር ሥራውን ያቀላል። ድፍኑን በማግስቱ ማውጣት አይረሳ።

ከውጭ ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የጠመንጃውን ቀለምና ጽሑፍ መፋቅ ነው። በዘይት አርሶ በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ወይም በነሐስ ቁራጭ ቀስ ብሎ መፈቅፈቅ ዝገቱን ያነሳል፣ ብረቱን አይጭረውም። ሎሚና የባትሪ አሲድ የሚመክሩ አሉ። ዝገቱን ያነሳሉ፣ አብሮ ግን የብረቱን ጥቁር ልብስ ይገፉታል፣ በሳምንቱም ዝገቱ ብሶ ይመለሳል።

በቅቤና በኑግ ዘይት ጠመንጃ መቀባት በቤታችን የኖረ ልማድ ነው። ሌላ ዘይት ባልነበረበት ዘመን ብረቱን ያተረፈውም ይኸው ነው። ዛሬ ግን ምክንያት የለውም። ቅቤ ውኃ ይይዛል፣ ሲቆይም አሲድ ያበጃል። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኘው እየደረቀ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው መርፌዋና ሞላው መካከል ሲገባ መርፌዋ ፍጥነቷን ታጣለች፣ ጥይቱ ይከሽፋል። በተለይ በደባርቅና በዳባት ብርድ ሌሊቱን ያደረ ጠመንጃ ላይ ይህ ይታያል። የሚያስለቅቀው ላምባ ነው፤ የመዝጊያውን ክፍሎች ነክሮ ማሳደርና በጥርስ ብሩሽ ማሸት። ከዚያ አዲሱ ዘይት እጅግ ስስ ይሁን። ብረቱ የሚያብረቀርቅ ሳይሆን በጣት ሲነኩት ብቻ የሚታወቅ።

የተልባ ዘይት ግን ቦታ አለው፤ የእንጨቱ ምግብ እሱ ነው። ሰደፉን በላምባ በረጠበ ጨርቅ ካጸዱ በኋላ ጥቂት ጠብታ በመዳፍ አድርገው እስኪሞቅ ያሹት፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ ሁለት ሦስት ቀን አድርቀው ይድገሙት። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ እየደረቀ ይሞቅና ራሱ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ሰደፉ በጠፍር ወይም በሽቦ የታሰረ ከሆነ ማሰሪያውን ፈትቶ ማየት ይገባል። ጠፍሩ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ ይሸፍናል፣ እርጥበትም ይይዛል። ዋናው የሚሰነጠቅበት ቦታ ከመዝጊያው ቤት ጀርባ፣ የእጅ መያዣው አንገት ላይ ነው። በአገር አናጢ በዋንዛ የተተካ ሰደፍ ቆንጆ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲገፋ የሚመታው እንጨት እየተጨፈለቀ ሄዶ አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ብሎኖቹ ሲታሰሩ የፊተኛው አስቀድሞ፣ የኋለኛው ተከትሎ ይጠብቃል።

ጥይቱ

በዝናር ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጥይት ቆዳው የለፋበት ነገር ነሐሱን በልቶ አረንጓዴ ያደርገዋል። አረንጓዴው በጨርቅ የሚጠረግ ከሆነ ቀላል ነው። ሲጠረግ ከሥሩ ጉድጓድ ከተገኘ፣ አንገቱ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም እርሳሱ በጣት ሲያዞሩት ከዞረ ያ ጥይት ተኩስ አይገባውም፤ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ጥይት እሳት ላይ አይጣልም፣ ባሩዱን ለማውጣትም አይፈታም።

የቆየ ወታደራዊ ጥይት መለኮሻው ሲቃጠል አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ዘይት አያሟሟውም፤ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ከተኮሱ በዚያው ቀን ግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ በማጉረሻው በኩል በማንቆርቆሪያ አፍስሱ፣ በደረቅ አቡጀዲ ደጋግመው ያድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። የመዝጊያው ፊትም እንዲሁ። በክረምት ወራት ይህ ካልተደረገ ጠዋት ሲያዩት ቀይ ዝገት ይጠብቅዎታል። ዘይት ብቻ ቀብቶ መተው ጨውን ከዘይት ሥር ማኖር ነው።

የመጀመሪያው ተኩስ

ይህ የሚሆነው ባለሙያ የመዝጊያውን ክፍተት ለክቶ ካለፈ በኋላ፣ መተኮስ በተፈቀደበት ቦታ ነው። ያኔም ቢሆን በትከሻ አይጀመርም። ጠመንጃው በአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ይታሰራል፣ አፈሙዙ ወደ አፈር ቁልል ይዞራል፣ ምላጩ ከግንብ ኋላ ሆኖ በ10 ሜትር ገመድ ይሳባል። ሁለት ሦስት ጥይት ይበቃል፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ቀለሁ ይታያል።

ቀለሁን ከፀሐይ ፊት አድርገው ያሽከርክሩት። ከቂጡ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር ካለ ቀለሁ እዚያ ላይ ተለጥጧል፤ የሚቀጥለው ሊበጠስ ይችላል። መለኮሻው ከቂጡ ወጣ ብሎ ከቆመ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቀርሻ ካለ ጋዝ አፈትልኳል። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ተኩሱ እዚያው ይቁም።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አንድ ደቂቃ ሙሉ አፈሙዙን ከአፈር ቁልሉ ሳያነሱ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና። ድምፁ ደከም ብሎ “ፑፍ” ካለ ደግሞ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መዝጊያው ወጥቶ በብርሃን ሳይታይ ሁለተኛ ጥይት አይጎርስም።

በ100 ሜትር ሲተኩሱ ከላይ ቢመታ ጠመንጃው አልተበላሸም። የድሮ ወታደራዊ ማነጣጠሪያ ዝቅተኛው ልኩ ብዙ ጊዜ 300 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ በቅርብ አንድ ስንዝርና ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጋል። የፊቱን ማነጣጠሪያ አይሞርዱት። አነጣጥሮ ዝቅ ማለትን መልመድ ይሻላል፣ ብረቱ አንዴ ከተሞረደ አይመለስምና።

አቀማመጥ

መዝጊያው ወጥቶ በሌላ ቁልፍ ቦታ፣ ጥይቱ በሦስተኛ ቦታ። ልጅ ባለበት ቤት ይህ ድርድር የለውም። መዝጊያው ውስጥ እያለ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ሞላው እንዳይደክም ባዶነቱን አረጋግጠው ምላጩን ስበው ይዘው መዝጊያውን ይዝጉ፤ መርፌዋ በዝግታ ትወርዳለች።

ቆዳ ልብሱ ውስጥ አያኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ የለፋበት ነገርም ብረቱን ያዝገዋል። የምድጃ ጭስ በሚደርስበት ግድግዳም አይሰቀል። በእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከጭቃ ግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ አፈሙዙ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ከቆመ ዘይቱ እየወረደ የሰደፉን አንገት ያበሰብሰዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በስስ ዘይት መጥረግ፣ በበጋ በየሁለት ወሩ። ከመስከረም በኋላ ሲያወጡት ብሎኖቹን ያጥብቁ፤ እንጨቱ በክረምት አብጦ በጥቅምት ፀሐይ ሲጨማደድ ይላላሉ።